ልብስ የለበሰው ኮምፒዩተር

ሰው አንዴ ኢንጂነር ከተባለ በየዘመዱ ቤት የተበላሸ ዕቃ ሁሉ የእሱ ነው። የምን ኢንጂነር ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የእቴቴ አማች የውሃ መስመር ኢንጂነር ነው። ቧንቧ በየት በኩል እንደሚቀበር፣ ውሃ ዳገቱን በምን ጉልበት እንደሚወጣ፣ የትኛው ሰፈር መቼ እንደሚጠማ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ በመሥሪያ ቤቱ የለም። ስለ ኤሌክትሪክ ግን የሚያውቀው ማብሪያ ማጥፊያውን ነው፤ እሱንም የገዛ ቤቱ ከሆነ።

ይህንን ተናግሮ ቢገላገል ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ችግሩ የጀመረው ሚስቱን ባገባ በወሩ ነው። የሚስቱ እናት፣ ሰፈርተኛው ሁሉ እቴቴ የሚላቸው ልብስ ሰፊ፣ የሞተ ካውያ ይዘው መጡና «ኢንጂነር፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አሉት። አላውቅም ማለት ስንት ጉልበት ይፈጃል? እሱን ግን አዲስ አማች ነውና ይሉኝታ ያዘው። ካውያውን ገልበጥ አድርጎ አየ፣ ቅንድቡን ሰበሰበ፣ «መሣሪያዬ ቢሮ ነው፣ ይዤው ልሂድ» አለ። ይዞትም ሄደ፤ ወደ ቢሮ ግን አይደለም። ገበያው ዳር፣ ከአንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የማይጠግነው ነገር የለም የሚባል ሰው አለ፤ ሐኪሙ ነው የሚሉት። ካውያው እዚያ አድሮ በማግስቱ ድኖ ተመለሰ። ኢንጂነሩም ዓይኑን በጨው አጥቦ «ቀላል ነገር ናት፣ ሽቦዋ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። ቴሌቪዥኑ «ቢሮ» ሄዶ መጣ። የጁስ መፍጫው ሄዶ መጣ። የእቴቴ ባል፣ አባባ፣ ቀኑን ሙሉ ከጆሯቸው የማይለዩት ራዲዮ ሳይቀር ሄዶ መጣ። ሚስቱ ነገሩን የደረሰችበት ያኔ ነው፤ በገበያው ስታልፍ የአባቷ ራዲዮ በሐኪሙ መስኮት ላይ ሆኖ ዜና ሲያወራ አገኘችው። «ኧረ ለእማዬ እውነቱን ንገራት» አለችው። «ካውያው ላይ ነበር መናገር፤ አሁን ምን ብዬ?» አላት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉሃል ይሄ ነው።

እንዲህ የሚደክመው ደግሞ ለጉራ እንዳይመስላችሁ። የእቴቴን ቤት ያላየ ሰው ነገሩ አይገባውም። እቴቴ ራቁቱን የቆመ ነገር ማየት አይሆንላቸውም። ፍሪጁ ጉርድ ቀሚስ ለብሷል። የጋዝ ሲሊንደሩ ሽርጥ አለው። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በየቁልፉ ልክ ቀዳዳ የወጣለት ሸሚዝ አለው፤ ያውም ቅያሪ ያለው። ግቢው በር ላይ ያለው የውሃ ቆጣሪ እስከ አንገቱ የሚቆለፍ ካፖርት ስለተሰፋለት ቆጣሪ አንባቢው በመጣ ቁጥር ቁልፍ ሲፈታ ይቆያል። ሰውዬው ጉዳዩን ለመሥሪያ ቤቱ አመልክቶ ነበር፤ ያ ማመልከቻ ከኢንጂነሩ ጠረጴዛ ላይ ደርሶ እዚያው ቀረ።

ሰዉም እንደዚያው ነው። አባባ ከካልሲያቸው በቀር የለበሱት ሁሉ የእቴቴ እጅ ነው። ሚስቱም፣ ጎረቤቱም፣ የጎረቤት ልጆችም እንዲሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ እቴቴ አንዲት ቁልፍ እንኳ ያልተከሉለት ፍጡር ቢኖር ኢንጂነሩ ብቻ ነው። ምክንያቱ ሠርጉ ነው። ለሠርጉ ቀን ሰው አላስቸግርም ብሎ ኮት ከሱቅ ገዛ። እናቷ ልብስ ሰፊ የሆነች ልጅ ሊያገባ፣ የሱቅ ኮት ለብሶ ከች አለ። እቴቴ ያን ዕለት ምንም አልተናገሩም። ጉንጩን ስመው፣ ትከሻው ላይ ያለውን ስፌት በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ እጃቸውን ሰበሰቡ። በቃ። ሦስት ዓመት ሆነው።

ጨዋ ናቸውና አላስቀየሙትም፤ ያከብሩታል፣ ያበሉታል፣ ያጠጡታል። አይሰፉለትም እንጂ። አንድ ቀን ሆን ብሎ ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ ወንበር ላይ ጥሎ ሄደ። ሲመለስ ሸሚዙ በሥርዓት ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ግን እንደጎደለ ነው። በዚያኑ ቀን ለሪሞቱ ሸሚዝ ኪስ ወጥቶለታል። ሪሞት በኪሱ ምን እንደሚይዝ እግዜር ይወቅ። ኢንጂነሩ በሪሞት ቀና፤ ለሚስቱ ሲነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እሱ ግን አላሳቀውም።

እንግዲህ ነገሩ ኮምፒዩተሩ ላይ ደረሰ።

እቴቴ የጥልፍ ማሽን አላቸው፤ ማሽኑን የሚያዘው ደግሞ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው፤ ቁመቱ የትንሽ ሻንጣ ያህል፣ ልብሱ አረንጓዴ ከፋይ፣ ኮሌታ ያለው። በሆዱ ውስጥ እቴቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእጃቸው እየሳሉ ያስገቡት ጥልፍ ሁሉ አለ፤ አበባው፣ ሐረጉ፣ ወፉ፣ የሙሽራው፣ የሕፃኑ፣ የመጋረጃው። ሌላ ቦታ የለም፤ ወረቀቶቹን «ገብተዋል እኮ» ብለው ለጎረቤት ልጆች የደብተር መሸፈኛ ሰጥተዋቸዋል። ኮምፒዩተሩ እርጅና ተጫጭኖታል። ጠዋት ያበሩትና እስኪነቃ ድረስ የሁለት ሱሪ እግር ያሳጥራሉ፣ ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ አባባን ይቆጣሉ። በዚህ መካከል አንድ ሆቴል ለሠራተኞቹ ልብስ፣ ኪሱ ላይ ክንፏን የዘረጋች ወፍ እንድትጠለፍ አዘዘ። ማሽኑ አንዱን ክንፍ ሠርቶ ይቆማል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ክንፍ ያላቸው ወፎች ተከመሩ።

«ኢንጂነር፣ ኮምፒዩተሬ ያስነጥሰዋል» አሉት እቴቴ።

ጆሮውን አስጠጋ። እውነትም ከውስጡ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ እንደ ረጅም ትንፋሽ ያለ ነገር ይሰማል። ኢንጂነሩ ቅንድቡን እንደ ልማዱ ሰበሰበና «ችግር የለም፣ ቢሮ ይዤው እሄዳለሁ» አለ።

«ይሄ እንኳ ከዚህ ቤት አይወጣም» አሉ እቴቴ። «ካውያ ቢጠፋ ካውያ ይገዛል። ይሄ ከጠፋ እኔ ምን ቀረኝ? ዓይኔ እንደሆነ እንደ ድሮው አይስልም። እዚሁ ይሥሩልኝ።»

ኢንጂነሩ አላውቅም ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን «እሺ፣ ቅዳሜ» የሚል ነበር።

በነጋታው ሐኪሙ ሱቅ ገብቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ሐኪሙ ጠቅ ጠቅ የሚለውን ድምፅ በአፉ እንዲያሰማው አደረገው፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«ሃርድ ዲስኩ ነው። ውስጡ እንደ ዘፈን ሸክላ የሚሽከረከር ነገር አለ፣ እሱ ደክሟል። መፍትሔው ኤስኤስዲ የሚባል አዲስ ዲስክ መግዛት ነው፤ እሱ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም፣ ፈጣን ነው። አሮጌው ላይ ያለውን እንዳለ፣ አንዲት ነገር ሳታስቀር፣ ወደ አዲሱ ትገለብጣለህ። ክሎን ማለት ይሄ ነው።»

«ከዚያስ?»

«አሮጌውን አውጥተህ አዲሱን በቦታው ትከታለህ፤ አለቀ። ግን ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ ከየት ወደ የት እንደምትገለብጥ። ባዶውን በሞላው ላይ ከገለበጥከው ባዶ ነው የምታባዛው። ሁለተኛ፣ አሮጌው ሕመምተኛ ነው። አንዴ ሙሉ ለሙሉ ለመነበብ ትንፋሽ ይኖረዋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ ግን አልወድለትም።» አየት አደረገውና «ለምን እኔ መጥቼ አልሠራውም?» አለ።

«አይሆንም» አለ ኢንጂነሩ። «በስልክ ታሳየኛለህ።»

ቅዳሜ ጠዋት እቴቴ የአረንጓዴውን ከፋይ ቁልፎች ራሳቸው ፈቱ፤ ለሌላ ሰው አልሰጡም። ኮምፒዩተሩ ራቁቱን ሲቀር ፊታቸውን ዘወር አደረጉ። ኢንጂነሩ በካቻቪቴ የጎኑን ክዳን ነቀለ፤ ሽቦው፣ አቧራው፣ ሆድ ዕቃው ሁሉ ተገለጠ። አባባ ከጥግ ወንበራቸው ላይ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው አዩና መልሰው ከፍ አደረጉ። አባባ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ከዚያ ወንበር የሚነሱት ለምግብና ለመኝታ ነው ይባላል።

ኢንጂነሩ አዲሱን ዲስክ ከካርቶኑ አወጣ። እቴቴ ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት።

«ይሄ ነው? ከክብሪት አይከብድም እኮ። ያ ሁሉ ጥልፍ እዚህ ውስጥ ይገባል?»

«ይገባል እቴቴ። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ ለዚያ ነው የሚፈጥነው።»

«ሳይንቀሳቀስ የሚፈጥን አላየሁም» አሉና ወደ ጥጉ ወንበር አዩ። «ሳይንቀሳቀስ የሚኖር እንኳ አውቃለሁ።» ጋዜጣው ትንሽ ከፍ አለ።

ኢንጂነሩ አዲሱን ዲስክ በገመድ ሰካ፣ ሐኪሙ የሰጠውን ፕሮግራም ከፈተ፤ ከየት ወደ የት የሚለውን አራት ጊዜ አነበበ፤ ላብ በላብ ሆኖ አዘዘው። አንድ አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ። እቴቴ ከኋላው ቆመው «ይሄ ቁጥር ምንድን ነው? አሁን ለምን ቆመ? ያኛው ለምን ቀይ ሆነ?» ይሉታል። አንዱንም አያውቀው። «ከቢሮ እየደወሉልኝ ነው» ብሎ ተነሣ፤ «ማንም እንዳይነካው» አለና ወጣ።

ግቢው ውስጥ ካፖርት ከለበሰው ቆጣሪ አጠገብ ቆሞ ለሐኪሙ ደወለ። «ጀመረ» አለው። «እንግዲህ ጊዜ ይወስዳል፣ አትቸኩል» አለው ሐኪሙ። ወደ ቤት ገብቶ ጥያቄ ከመመለስ ደጅ መቆየት ይሻላል ብሎ ቆየ። ሲመለስ በረንዳው ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለይስሙላ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ «እሺ፣ ሰኞ እንነጋገራለን» እያለ ገባ። እቴቴ ስፌት መኪናቸው ላይ አቀርቅረው ይሰፋሉ። ስክሪኑ ጠቁሯል። ኮምፒዩተሩ ጠፍቷል።

«መብራት ሄዶ ነበር?» አለ።

«አልሄደም» አሉ እቴቴ፣ ከመርፌው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

እንደገና አበራ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ጠብቆ ነቃ። እንደገና አዘዘ። መስመሩ መሳብ ሲጀምር እቴቴ ጥያቄያቸውን ይዘው መጡ፤ እሱ ከቢሮ ተደወለለት። ሐኪሙ በስልክ ጥርሱን ሲያፋጭ ይሰማል። «በራሱ ጠፋ? ይሄ የሙቀት ነገር ነው። ክዳኑ ክፍት ነው አይደል?» «ክፍት ነው፤ ራቁቱን ነው ያለው።» «ታዲያ ለምን ይሞቃል? ግራ የገባ ነገር ነው። ስማኝ፣ አሁን ካቋረጠ ለሦስተኛው ዋስ አልሆንም።» ኢንጂነሩ ጥቂት ቆየና ጉሮሮውን ጠርጎ ገባ።

ጠፍቷል። በዚህኛው ጊዜ ሲያበራው ደግሞ ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው ያለው፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ረጅም ትንፋሽ። ስክሪኑ ላይ ዲስክ የሚባል ነገር አላገኘሁም የሚል ጽሑፍ መጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሚስቱ ከኩሽና ብቅ ብላ ፊቱን ስታይ ነገሩ ገባት።

«እንዴት ነው?» አሉ እቴቴ።

«ትንሽ... ይረፍ» አለና አጥፍቶት፣ መልሶ ማብሪያውን ነክቶ ምናልባት ቢነቃ ብሎ ትቶት ወጣ።

ቆጣሪው አጠገብ ቁጢጥ አለ። ለሐኪሙ አልደወለም። ዕድሜ ልክ የተሳለ ጥልፍ በእሱ ይሉኝታ ጠፋ። ሐኪሙ እመጣለሁ ሲለው እሺ ቢል ምን ነበረበት? ክብሬ ይነካል ብሎ። የትኛው ክብር? ከሪሞት ያነሰ ክብር። ከዚህ ወዲያ እንኳን ኮት፣ ሰላምታም ላያገኝ ይችላል፤ ቢሆንም አሁን ያሳዘነው የራሱ ነገር አልነበረም። ያሳዘኑት እቴቴ ናቸው፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይስልም ያሉት ነገር ከጆሮው አልወጣ አለ። ተነሣ። እውነቱን ሊናገር ነው። ለመዋሸት እንጂ እውነት ለመናገር ጉሮሮ አይጠረግምና፣ ዝም ብሎ፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ በረንዳውን አልፎ ገባ።

እቴቴ ኮምፒዩተሩ ፊት ተንበርክከዋል። ኮምፒዩተሩ አረንጓዴውን ከፋይ ከላይ እስከ ታች ለብሷል፤ ኮሌታው ቆሞ፣ እቴቴ የመጨረሻዋን ቁልፍ እየቆለፉ ነው። ከዚያ እንደ ሕፃን መታ መታ አደረጉት።

ኢንጂነሩ ደርሶ ከፋዩን በእጁ ነካ። እንደ ካውያ ይፋጃል።

«እቴቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ደንገጥ አሉ። «ሆድ ዕቃው ወጥቶ እያየሁ ዝም ልበል? አቧራውስ? እርስዎ በወጡ ቁጥር ደረብ አደርግለታለሁ፤ ጉሮሮዎን ሲጠርጉ ስሰማ ደግሞ አወልቅለታለሁ። እርስዎ ራቁቱን እንዲሆን እንደፈለጉ አይቻለሁና ላለማስቀየም ነው።»

«ማንም እንዳይነካው ብዬ አልነበረም?»

«መሸፈን መንካት ነው እንዴ?»

 ኢንጂነሩ ቁልፎቹን ፈታ። «እቴቴ፣ ሙቀት ነው ያጠፋው። ታፍኖ ነው።»

እቴቴ ቀስ ብለው ተነሡ። ጠቅ ጠቅ የሚለውን ሰሙ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ባያነቡትም የአማቻቸውን ፊት አነበቡ። እጃቸውን አዩት፣ ያንን ሁሉ የሳለውን እጅ። «እኔ ነኝ?» አሉ። «እኔው ነኝ ያጠፋሁት?»

ለኢንጂነሩ ከዚህ የተሻለ መውጫ ቀዳዳ በሕይወቱ አይመጣለትም። አዎ ቢል ነጻ ነው፤ ጥፋቱ የከፋይ ነው፣ ስሙም እንደ ኢንጂነር ይኖራል። እቴቴ ግን ወንበር ፈልገው እጃቸው አየር ላይ ሲዳብስ አየ፣ አንጀቱ አልቻለም።

«እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ። እቴቴ፣ እኔ ስለ ኮምፒዩተር ምንም አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚሁ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር፤ እኔ ጥያቄዎን ፈርቼ ግቢ ስደበቅ ነው ይሄ የሆነው። ቢሮ ብሎ ነገር የለም። ካውያውንም እኔ አልሠራሁትም። ቴሌቪዥኑንም፣ መፍጫውንም፣ የአባባን ራዲዮም። ሁሉንም የሠራው ሐኪሙ ነው።»

 ሚስቱ በኩሽናው በር ማንኪያ ይዛ ቆማለች።

«እሱንማ እናውቃለን» አሉ እቴቴ።

«ምኑን?»

«ሐኪሙን። ሱሪውን የሚያሳጥረው እኔ ጋ ነው። ካውያውን የወሰዱለት ዕለት ማታውኑ ነገረኝ።»

ጋዜጣው ዝቅ አለ። «ካውያው ሥሩ ላይ የሱቁ ወረቀት ተለጥፎበት ነው የመጣው» አሉ አባባ። «ስልክ ቁጥሩም አለበት። ራዲዮዬም ላይ አለ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰፈሩ ሁሉ፣ ቆጣሪ አንባቢው ሳይቀር ያውቃል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የተደበቀው ከእሱ ብቻ ነው። ኢንጂነሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ካወቁ ታዲያ ኮምፒዩተሩን ከቤት አይወጣም ያሉኝ ለምንድን ነው?»

«ከቤት አይወጣም አልኩ እንጂ» አሉ እቴቴ፣ «ሐኪሙ ወደ ቤት አይገባም አላልኩም። ይዘውት ይመጣሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ለእሱም ጭምር ምሳ አሠርቼ።»

ሚስቱ ያን ጊዜ ሳቋ አመለጣት። ከኩሽናው የሚመጣው ሽታ እውነትም የአምስት ሰው ምሳ ነበር።

ኢንጂነሩ ስልኩን አውጥቶ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደወለ። ሐኪሙ ሌላ ሰው መስማቱን ሳያውቅ «አሮጊቷ አወቁብህ?» ብሎ ጀመረ።

«አንተ፣ ሱሪህ ደርሷል» አሉት አሮጊቷ።

ሐኪሙ ትንሽ ሳለ። ስለ ከፋዩ ሲነግሩት ደግሞ ሳቁን ለማቆም ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ እንደ እውነተኛ ሐኪም አዘዘ፤ ይጥፋ፣ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ መስኮቱ ይከፈት፤ ከተነሣ ደግሞ ክሎኑ እስኪያልቅ አሮጌው ዲስክ ላይ ያለ ማቋረጥ ይራገብ። «ሱቅ ዘግቼ እመጣለሁ፤ ግን እኔን አትጠብቁ፣ በቀዘቀዘ ሰዓት ጀምሩት። አሁን የመጨረሻው ነው።»

ምሳው ቆየ። ኮምፒዩተሩ ቀዘቀዘ። ኢንጂነሩ ማብሪያውን ነካ። ጠቅ አለ። ጠቅ አለ። ከዚያ ዝም ብሎ ዙሩን ጀመረ፤ ዲስኩ ተነሣ። ኢንጂነሩ ከየት ወደ የት የሚለውን ለአባባ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው፣ አባባም «ከሞላው ወደ ባዶው፣ ልክ ነው» አሉ። መስመሩ መሳብ ጀመረ።

እቴቴ የእጅጌ ልክ የሚቆርጡበትን ካርቶን አንሥተው አራገቡ። ሲደክማቸው ሚስቱ በድስት ክዳን ተቀበለቻቸው። ሚስቱ ስትደክም ኢንጂነሩ ተራው ደረሰ፤ እሱ ግን መስመሩን የሚያይ ሰው ስለሆነ እጁ ይረሳል። ያኔ ጥጉ ላይ ወንበር ሲጢጥ ሲል ተሰማ። አባባ ተነሥተው ጋዜጣቸውን ለሁለት አጥፈው መጡ። እቴቴ ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩ። «ለዲስክ ተነሣህ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ቁጣ የለም።

«ይሄ ቀይ ምንድን ነው?» አሉ ደግሞ እቴቴ፣ ወደ ስክሪኑ እያመለከቱ።

«አላውቅም» አለ ኢንጂነሩ።

እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? ሦስት ዓመት የተሸከመውን አወረደና ትከሻው ዕረፍት ተሰማው። ስልኩን አንሥቶ ጠየቀ። የዲስኩ አንድ ጥግ አልነበብ ብሏል፣ ፕሮግራሙ ዘሎት ያልፋል፣ ቀጥሉ አለ ሐኪሙ። አራገቡ። መስመሩ መጨረሻው አካባቢ ሲደርስ እንደ ሽማግሌ እየቆመ እያረፈ ነው የሄደው፤ እቴቴ ካርቶናቸውን ሳይጥሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልዩ ይሁን ይራገሙ አልታወቀም። ከዚያ ተጠናቀቀ የሚል ጽሑፍ መጣ፤ አሮጌው ዲስክ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙም መጥቶ ቢነካካው አልተነሣም።

አዲሱን በቦታው የከተተው ሐኪሙ ነው፤ ኢንጂነሩ ካቻቪቴ አቀበለው፣ አላፈረበትም። ኮምፒዩተሩን አበሩት። እቴቴ እንደ ልማዳቸው የሚያሳጥሩት ሱሪ ለማንሣት ዞር አሉ፤ ክሩን በመርፌው ሳያስገቡ ነቅቶ ጠበቃቸው።

«ምነው?» አሉ ቅር ብሏቸው። «ታዲያ ሻዬን መቼ ልጠጣ ነው?»

ጥልፎቻቸውን አንድ በአንድ ከፈቱ። አበባው አለ። ሐረጉ አለ። የሙሽራው፣ የሕፃኑ፣ የመጋረጃው አለ። ወፏ ሁለቱንም ክንፏን ዘርግታ ወጣች። አልከፈት ያለው አንድ ብቻ ነው፤ የወይን ዘለላ። ኢንጂነሩ አማቱን አያቸው።

«እሱ ይቅር» አሉ እቴቴ። «ቅጠሉን ድሮም አልወደውም ነበር።» ዓይናቸውን ግን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ምሳ ተበላ። ሐኪሙ ሱሪውን ለብሶ አየና ተደስቶ ሄደ። እቴቴ የልክ መውሰጃ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ኮምፒዩተሩ ሄዱ፤ ወርዱን ቁመቱን ለኩ። ኢንጂነሩ ሊናገር አፉን ሲከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙት። «ገብቶኛል፣ ይታፈናል። ጎንና ጎኑን በወንፊት ጨርቅ ነው የማደርግለት።» የሞተውንም ዲስክ ለኩት፤ ለቀብሩ ነው መሰለኝ።

ኢንጂነሩ ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ በሩ ላይ ደረሰ።

«ወዴት ነው?» አሉ እቴቴ። «ና፣ እዚህ ቁም።»

ዞሮ ቆመ። እቴቴ ወንበር ስበው ወጡበት፤ እሱ ረጅም ነው። ሜትሩ ትከሻው ላይ አረፈ፤ ከትከሻ ትከሻ፣ ከአንገት ወገብ፣ ከዚያ ክንዱን አስነሡት። አስነሥተው ደግሞ ዝቅ አድርግ አሉት። ሚስቱ ቁጥሩን በወረቀት ትቀበላለች፤ በአንድ እጇ አፏን ይዛለች።

«ያ የሠርግህ ኮት» አሉ እቴቴ ከኋላው፣ «ግራ ትከሻው ይሸሻል። ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ሲወጋኝ ኖረ። አንድ ቀን ይቺን ያስተካክሉልኝ ትላለህ ብዬ ብጠብቅ፣ አንተ ምን ቸግሮህ፤ ሁሉን የምታውቅ ኢንጂነር።»

«አላውቅም ነበር» አለ ኢንጂነሩ። 

ኮቱ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። ጨርቁ ጥቁር ሱፍ፣ ገበሩ የተረፈው አረንጓዴ ከፋይ ነው። ግራ ትከሻው አይሸሽም። ኢንጂነሩ መስታወት ፊት ሲዞር ጀርባው ላይ፣ ከወገቡ በታች፣ የተከፈተ ነገር አየና ስፌቱ የተተረተረ መስሎት በእጁ ፈለገው።

«ተወው፣ መተንፈሻ ነው» አሉት እቴቴ። «እንዳይሞቅህ ብዬ ነው።»